የዋጥሁት መድኃኒትና ስብ የለበሰው ባክቴሪያ

መድኃኒቷን ጥላ ጸበል ሄደች ተብሎ በሰው ፊት ተነግሮብኛል። ውሸት ነው። መድኃኒቴን ውጫለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህችን ሁለት ቃል ለማስረዳት ነው። ይህን ያህል ማስረዳት ማስፈለጉ ራሱ ሌላ በደል ነው፤ እሱን ግን ለጊዜው ልተወው።

የተናገረብኝ ጤና መኮንን ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የሕክምና ቤቱንም ስም አልጽፍም። እኔ ክስ እንጂ ሐሜት አልወድም። ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና እየተለመነ የሚወጣ። ያቺን የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥላት ግን ጵጵስና የተቀባ ይመስለዋል።

ነገሩ የጀመረው በቆርቆሮ ነው። የጎረቤቴን አጥር ነፋስ ገንጥሎት አንዱ ቆርቆሮ መንገድ ላይ ተንጋሎ ከረመ። አንሳው ሲባል ነገ ይላል። ነገው ሳይመጣ አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የቀኝ እግሬን አገዳ ተረተረኝ። ጎረቤቴ ደሙን ሲያይ እግዜር ይማርዎ ብሎ ቆርቆሮውን የዚያኑ ዕለት አነሳው። ለካ ይነሳ ኖሯል። ቅቤ ይቀቡበት ያሉኝም ነበሩ። ቅቤ የራስ ነው፤ ቁስል ላይ ቅቤ የሚያስቀባ ሰው ራሱን ነው መቀባት ያለበት።

ቁስሉ አመረቀዘና እዚሁ ደብረ ታቦር ሕክምና ቤት ሄድሁ። ጤና መኮንኑ በፋሻ አስጠቅልሎ ካፕሱል ሰጠኝ። እንዳልረሳው ሰዓቱን ከላሜ ጋር አሰርሁት፤ ጠዋት ሳስወጣት እውጣለሁ፣ ስትጠጣ እውጣለሁ፣ ማታ ሳስገባት እውጣለሁ፣ ከመተኛቴ በፊት አንድ። ሰው ይረሳል። ላም ግን ውኃዋን ረስታ የዋለችበትን ቀን ያየ ካለ መጥቶ ይከራከረኝ።

በመካከሉ ወንዛዬ ጸበል ሄድሁ። ለቁስሉ አልነበረም፤ ለጉልበቴ ነው። በየዓመቱ እሄዳለሁ። በሚኒባስ ሐሙሲት እወርድና ከዚያ ወደ ፍል ውኃው እዘልቃለሁ። የዚያን ጊዜ ላሚቱን ለዚያው ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ፣ ካፕሱሉን በመቀነቴ ቋጥሬ ነው የወጣሁት። ቁስሉን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ዳር ተቀምጬ፣ ፍል ውኃውን በጣሳ እየቀዳሁ ጉልበቴ ላይ ብቻ አፈስሳለሁ። ጠዋትም ማታም ተራችን ሲደርስ አንድ ካፕሱል፣ ተራችን ሲያልቅ አንድ ካፕሱል።

እዚያ ተራ የምታስከብር ሴትዮ ነበረች። ማንም አልሾማትም፤ ድምፅዋ ነው የሾማት። ካፕሱሉን ስውጥ አየችኝና ተጠማቂው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

"እሜቴ፣ ለሁለት ጌታ መገዛት አይሆንም። ወይ ጸበሉን ይመኑ፣ ወይ እንክብሉን።"

"እንክብሉንም የፈጠረው እሱ ነው" አልኋት። "አንቺ ተራሽን ጠብቂ።"

ከዚያ ወዲያ የጋራውን ጣሳ ነፈጉኝ። ተራዬ ሲደርስ ሌላ ሰው ይቀድማል፤ ለመኝታ የደረሰኝ ቦታ ከበሩ ሥር ነው። ሴትዮዋ ባለፈች ባገደመች ቁጥር "ከተሜ" ትለኛለች። እኔን። በእብናት ቆላ አፋፍ ላይ ተወልጄ ያደግሁትን፣ ደብረ ታቦርን ያየሁት ለአቅመ ሔዋን ስደርስ የሆነውን። የሰው አእምሮ ሲጠብ እንዲህ ነው፤ አንድ እንክብል አይቶ አገር ይለውጥልሃል። ቢሆንም ስውጥ አይታኛለች። ይህን አልክዳትም፤ ከእሷ የምወስደው ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ስመለስ እግሬ ብሶ ነበር። መግሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ሽታው ለራሴም ያሳፍር ነበር። ከሚኒባስ ወርጄ ቤቴ እንኳ ሳልገባ ወደ ሕክምና ቤቱ አቀናሁ። ለአንዲት ለታመመች ባልንጀራዬ ያመጣሁት የጸበል ጀሪካን በእጄ ነበር። ጤና መኮንኑ ከእግሬ በፊት ያየው ጀሪካኑን ነው።

"ጸበል ነበሩ፣ እናት?"

"ነበርሁ።"

"አሃ" አለ።

በዚያች አሃ ውስጥ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ፋሻውን የፈታው ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው አንገቱን አስግጓል። ለእኔ የሚነግረኝን ለእነሱ እየነገረ፣ ሰዉ ጸበል ሲሄድ መድኃኒቱን እንደሚጥል፣ ቁስሉ ሲበላሽ ደግሞ ተመልሶ እነሱ ላይ እንደሚወድቅ አብራራ። በመጨረሻም፣ "እናት፣ ያልተዋጠ መድኃኒት አያድንም" አለኝ።

ውጫለሁ አልሁት። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት አለኝ። አግዳሚው ላይ አንዱ "እውነቱን ነው" አለ። እኔን አያውቀኝ፣ መድኃኒቱን አያውቀው፣ ቁስሉን አላየው፤ እውነቱን ግን ያውቃል። ጤና መኮንኑ ያንኑ ካፕሱል ደግሞ አዘዘልኝ፤ እንደ አዲስ እንድጀምር።

እንግዲህ ይታይልኝ። ወንዛዬ ላይ ዋጥሽ ተብዬ ከበር ሥር ተኛሁ። ደብረ ታቦር ላይ አልዋጥሽም ተብዬ በሰው ፊት ተዋረድሁ። ሁለቱም ወገኖች እርግጠኞች ናቸው፤ ሁለቱም አልጠየቁኝም ማለት ይቻላል። ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ የሚያከራክር ዳኛ ቢኖር በነፃ ይለቀኝ ነበር። እኔ መሠረተ ትምህርት ነው የተማርሁት፤ ከዚያም አራተኛ ክፍል ደርሼ ትቼዋለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ሰው አንድን እንክብል ውጦም ሳይውጥም ሊሆን እንደማይችል ለማወቅ አምስተኛ ክፍል መግባት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሁለተኛውን ዙር በምስክር ዋጥሁ። ምስክር ያደረግሁት ባለ ቆርቆሮውን ጎረቤቴን ነው፤ እግሬን ያስቀደደ ጠዋት ማታ ቢነሳ አይበዛበትም። ደጁ ላይ እቆምና ጠርቼ አስወጣዋለሁ፣ እውጣለሁ፣ አፌን ከፍቼ ምላሴን አነሳለሁ።

"ኧረ አምኛለሁ፣ እሜቴ" ይላል።

"እምነት አልጠየቅሁህም። እይ ነው ያልሁህ።"

መንገደኛው ይስቃል። ይሳቅ። ካፕሱሉ አለቀ፤ ቁስሉ ግን ሰፋ። ጫማ ማጥለቅ አቃተኝ፤ ለቅዳሴ መቆም ቀረ። ያን ጊዜ የፈራሁት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው እግሬን ማጣት ነው፤ ሁለተኛው እግሬን አጥቼ በመድኃኒት ጣይነት መታማት። ሁለተኛው ይብስብኝ ነበር። እግር የሌለው ሰው ይታዘንለታል፤ ቃል የሌለው ሰው ግን ምን ይባላል?

የልጄ ልጅ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ትማራለች። ለመመረቂያዋ የምታጠናው ባክቴሪያ ስብን ከውስጠኛው ቆዳው ወደ ውጨኛው ቆዳው እንዴት እንደሚያሻግር ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሥራ ፈትነት መስሎኝ፣ አገሩ ዘይት አጥቶ አንቺ የባክቴሪያ ስብ ትቆጥሪያለሽ ብያት ነበር። ፋሻዬን ስትፈታ ፊቷ ተለወጠ።

"እምዬ፣ መድኃኒቱን ዋጡት?"

እሷም ጠየቀችኝ። አንድ ጊዜ እንድትጠይቅ ፈቅጄላታለሁ።

"ውጫለሁ።"

"እሺ" አለች። በቃ ይኸው ነው። እሺ ብላ ወደሚቀጥለው ሐሳብ አለፈች። ከሕክምና ቤት እስከ ፍል ውኃ የጠፋው ቃል እሱ ነበር።

"እንግዲያውስ አልገባ ይሆናል" አለች።

"ሆዴ ገብቷል።"

"ሆድዎማ ገብቷል። ባክቴሪያው ውስጥ አልገባ ይሆናል ነው የምል።"

ከዚያ ቁስሉን በጨው ውኃ እያጠበች ነገረችኝ። አንዳንዱ ባክቴሪያ ያለው አንድ የስብ ቆዳ ነው፤ ሌላው ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ፤ በሁለቱ መካከል ውኃ የመሰለ ነገር አለ። የውጨኛው ቆዳ የላይኛው ፊት ደግሞ እንደ ሌላው ስብ አይደለም። ከስኳር ጋር የተያያዘ ልዩ ስብ ነው፤ እርስ በርሱ ገጥሞ ጥቅጥቅ ይላል። ብዙ መድኃኒት እሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የተሰጠኝ መድኃኒት ባለ አንድ ቆዳውን ይገድላል፤ ባለ ሁለት ቆዳው ከሆነ ግን ደጁ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ሳይመረመር ግን አላውቅም አለች። ሐኪም አይደለችም፤ "አላውቅም" ስላለች ግን ከሐኪም በላይ አመንኋት።

እኔ ግን በዋዛ አልቀበልም። ያ ስብ የት ነው የሚሠራው አልኋት። ውስጥ ነው አለች። ታዲያ መካከሉ ውኃ ከሆነ እንዴት ተሻገረ? ስብ ውኃ አይወድም፤ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይንሳፈፋል እንጂ አይገባም። ሳቀች። የመመረቂያዋ ጥያቄ ይኸው ኖሯል። እኔ ለመከራከር ነው የጠየቅሁት፤ መልስ ያለው አልመሰለኝም ነበር።

ፕሮቲኖች ናቸው የሚያሻግሩት አለችኝ። እንደ ጀልባ ስቡን ተሸክመው ይዋኛሉ ወይ አልኋት። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይታሰብ ነበር፤ ይህን ስብ ግን ተሸክመው አይዋኙም አለች። ከውስጠኛው ቆዳ እስከ ውጨኛው ድረስ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ድልድይ ይሠራሉ። ድልድዩ ሆዱ ላይ እንደ ቦይ የተሰረጎደ ነው፤ የቦዩ ውስጥ ቅባት ይወዳል። ስቡ የቅባት ጭራውን ቦዩ ውስጥ ደብቆ፣ ስኳር ያለበትን ራሱን ወደ ውኃው አውጥቶ ይንሸራተታል።

"ማን ይገፋዋል?" አልኋት።

"ቤተ ክርስቲያኑ ሲታነፅ ድንጋይ የተቀባበላችሁት ትዝ ይልዎታል?"

እንዴት አይለኝ። ከወንዙ እስከ ጉብታው ድረስ ሴት ወንዱ በረድፍ ቆመን፣ ከታች የተነሳው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ላይ ይደርስ ነበር። ማንም ከቆመበት አይነቃነቅም፤ የሚሄደው ድንጋዩ ነው። የባክቴሪያውም እንደዚያ ነው አለችኝ። ጉልበቱ ያለው ከታች፣ ከውስጠኛው ቆዳ ነው። እዚያ ያሉት ፕሮቲኖች የባክቴሪያውን ስንቅ እያቃጠሉ አንዱን ስብ ከቆዳው ይነቅሉና ወደ ድልድዩ ይገፉታል። አዲሱ የቀደመውን ይገፋል፣ የቀደመው የፊተኛውን። ውጨኛው ቆዳ ላይ በርሜል የመሰለ ፕሮቲን አለ፤ በጎኑ በኩል ይከፈትና ስቡን አሳልፎ በላይኛው ፊት ላይ ያሰልፈዋል። መካከል ያሉት ፕሮቲኖች ከራሳቸው ጉልበት አያወጡም፤ ያሳልፋሉ እንጂ።

እንደ ቀበሌያችን ነዋ አልኋት፤ አንዱ ይደክማል፣ የቀረው ያሳልፋል። አይደለም እምዬ፣ መካከል ያሉት ባይኖሩ አይሻገርም አለች። እሱንም የቀበሌ ሰዎች ሁልጊዜ ይሉታል።

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ድንጋይ ስንቀባበል ከረድፉ መካከል ገብታ፣ ወሬ ስታወራ እጇን ታጥፋለች። ከእሷ በታች ድንጋይ ይከመራል፤ ከእሷ በላይ ያለው ባዶ እጁን ይቆማል፤ ግንበኛው ከላይ ይጮኻል። ይህን ስነግራት የልጅ ልጄ ጨርቁን አስቀመጠች። "ዓለም የሚፈልገው እንደዚያች ሴትዮ ያለ መድኃኒት ነው" አለችኝ። ድልድዩ ላይ ተቀምጦ ማሳለፍን የሚከለክል መድኃኒት ቢገኝ፣ ስቡ ውስጥ ይከመራል፣ ቆዳው አይለብስም፣ ባክቴሪያው ይሞታል። አጥኚዎች እሱን እየፈለጉ ነው፤ የተስፋ ጭላንጭልም አለ። ያቺ ሴትዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ተገኘላት።

ዓይን የሌለው፣ ራስ የሌለው፣ ደብር የሌለው ፍጥረት እንዲህ ተቀባብሎ ጋሻውን ይሠራል። እኛ ሰፈር አንድ ቆርቆሮ ለማስነሳት የእኔ እግር መቀደድ ነበረበት። ባክቴሪያውን ጠላሁት፤ ግን አልናቅሁትም። ንቀቴን ለሚገባቸው አስቀመጥሁት።

በማግስቱ አብራኝ ሕክምና ቤት ሄደች። በትሕትና፣ መግሉ ተወስዶ ባክቴሪያው እንዲመረመርና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እንዲታይ ጤና መኮንኑን ጠየቀችው። መጀመሪያ የታዘዘውን ይጨርሱ አላት። ጨርሻለሁ፣ ምስክርም አለኝ አልሁ። ጎረቤት ምን ያውቃል አለ። እሱ ቤቴ ሳይኖር ያውቃል፤ ደጁ ላይ ቆሜ ስውጥ የሚያየኝ ግን አያውቅም። የተቀመጥሁበት ወንበር የሕመምተኛ ወንበር ነበር። መግሉ የሚወሰድበት ጥጥ ቁስሌን ሳይነካ ከዚህ አልነሳም አልሁት። ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ። እኔን አምኖ ሳይሆን ወረፋውን ፈርቶ አዘዘው። ይሁን፤ ጥጡ ለምን እንደነካኝ አያውቅም።

ውጤቱ ሲደርስ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ወረቀት ሊሰጠን ነበር። ወረቀቱን አልፈልግም፣ ነገሩን ልየው አልሁ። የልጅ ልጄ አስቀድማ የእኔን መድኃኒት አብሮ እንዲፈትነው ለምናው ነበርና፣ ራሱን ነቀነቀና ክዳን ያላት ትንሽ የላስቲክ ሳህን በመስኮቱ በኩል አሳየን። ሳህኗን አረንጓዴ ያዘለ ነጭ ነገር ሸፍኗታል፤ የእኔ ባክቴሪያ ነው፤ ባለ ሁለት ቆዳ። በላዩ ላይ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። በአንዳንዱ ወረቀት ዙሪያ እንደ ተጠረገ አውድማ ባዶ ሆኗል፤ እዚያ ባክቴሪያው ሞቷል። በአንዱ ወረቀት ዙሪያ ግን እስከ ጠርዙ በቅሏል፤ አንዲት ስንዝር አላፈገፈገም።

"ይኸ ነው የእርስዎ መድኃኒት" አለ።

ቆሜ አየሁት። ሳህኗ ወንዛዬ አልሄደችም። ጀሪካን አልያዘችም። እዚያች ሳህን ላይ መድኃኒቷን የምትጥል አሮጊት የለችም። መድኃኒቱ አለ፣ ባክቴሪያው አለ፣ ባክቴሪያው ስቡን ለብሶ ከመድኃኒቱ አጠገብ ተመችቶት ይኖራል። እግሬም ውስጥ ሲያደርግ የከረመው ይኸን ነው።

የሚገድለው መድኃኒት መርፌ ነበር። በሕክምና ቤቱ አልነበረም፤ የልጅ ልጄ ከባሕር ዳር ይዛልኝ መጣች። ስወጋ ከረምሁ። መግሉ ደረቀ፣ ሽታው ሄደ፣ ቁስሉ ከዳር ወደ መሐል ይሞላ ጀመር። ጎረቤቶቼ እንኳን ማረዎት አሉኝ፤ ያ ክፉ ወሬም ያለፈ መሰላቸው። እግር ስለዳነ ቃል የሚድን ይመስላቸዋል። በሰው ፊት የተነገረብኝ በሰው ፊት ካልተነሳልኝ አልዳንሁም አልሁ።

አግዳሚው የሚሞላበትን ቀን መርጬ ሄድሁ። ወረፋዬን ጠበቅሁ፤ ማንንም አልቀደምሁም። በሩ እንደዚያን ዕለቱ ክፍት ነበር። ጤና መኮንኑ አየኝና፣ ምናልባት ላመሰግነው የመጣሁ መስሎት፣ ፈገግ አለ።

"እናት፣ እግርዎ ተሻለዎት?"

"ስለ እግሬ አልመጣሁም። ውጫለሁ ብዬህ ነበር፤ አላመንኸኝም። ለምን?"

ብዙ ሰው ይጥላል፣ ከልምዳችን ነው አለ። ብዙ ሰው ማለት እኔ ነኝ ወይ አልሁት። ዋናው ጤናዎ ነው፣ ያለፈው አለፈ አለ። ለእሱ አለፈ፤ ለእኔ ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። ከኋላዬ አንዲት ሴት በቀስታ፣ ይተዉት እሜቴ፣ ልጅ ነው አለችኝ። ልጅ ከሆነ ይማራላ አልሁ፤ ዞሬ ግን አላየኋትም። ተነሥቶ በሩን ሊዘጋ ሲል እግሬን ደጃፉ ላይ አስገባሁ። የታመመውን እግሬን። በዚያ ላይ በር የሚዘጋ ሰው ከሆነ ይታይ ብዬ።

አልዘጋውም። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ። ጵጵስናው ሲወርድለት ከልጅ ልጄ የማይበልጥ ልጅ ነበር። ለምን አልሁት እንደገና። ሲናገር ወደ እኔ እያየ ነው፤ ድምፁ ግን እስከ ውጭ ይሰማ ነበር።

"ውጠዋል፣ እናቴ። ያን ዕለት ከዚያ ካፕሱል ሌላ እጄ ላይ አልነበረም። መድኃኒቱ አልሠራም ብል የምሰጥዎ ነገር የለኝም። እርስዎ አልዋጡም ብል ግን ቢያንስ የምሰጥዎ ምክር ነበረኝ።"